ማን ቀበራቸው?

ከታክሲ የወረድሁት አለርት በር አጠገብ ነው። ይህን መንገድ በእግሬ ካልረገጥሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በመኪና አልፌበታለሁ፤ ማለፍና መውረድ ግን ለየቅል ነው። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አንድ ወጣት መጽሐፍ አዟሪ ከክንዱ እስከ አገጩ የተደረደሩ መጻሕፍት ታቅፎ ቆሟል። አላፊ አግዳሚውን በዓይኑ እየመዘነ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ርእስ ይጠራል፤ ለተማሪዋ የሥነ ልቦና፣ ለጎልማሳው የፖለቲካ። የእኔን ሽበት አየና «ፋዘር፣ ፍቅር እስከ መቃብር አለ፤ ኦሪጅናል ነው» አለኝ።

ተቀበልሁት። መሀሉን ገልጬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ለሌላ ሰው ወረቀትና ቀለም ይሸተው ይሆናል። እኔን ጥጥ ሸተተኝ፤ ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ፣ በደጋን የተነደፈ ጥጥ። ከጥጡ ሥር ማስቲሽ፣ ከማስቲሹ ሥር የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ነፋሱ ሲዞር የሚመጣው የቆሻሻ መጣያው የቆሼ ሽታ።

ይህን መጽሐፍ ያወቅሁት ገጽ እንዳለው ሳላውቅ ነው። ለእኔ በመጀመሪያ ድምፅ ነበር፤ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከው። አንድ ሰው ብቻውን ፊታውራሪ መሸሻን ሆኖ ያገሳል፣ ሰብለ ወንጌልን ሆኖ ድምፁን ያለሰልሳል፣ ጉዱ ካሳን ሆኖ ይሟገታል። ድምፁ የሚወጣው በግቢያችን መሀል፣ የተገለበጠ ሙቀጫ ላይ ከተቀመጠ ፊሊፕስ ራዲዮ ነበር። ራዲዮኑ የአባቴ ነው፤ ትረካው የግቢው ሁሉ።

አባቴ የአለርት ሆስፒታል ጫማ ክፍል ሠራተኛ ነበር። የሥጋ ደዌ፣ ሰው እንደሚያስበው፣ ጣት አይበላም። ነርቭን ይገድልና ሕመም የሚባለውን ነገር ይወስዳል። እግሩ የማያመው ሰው ሚስማር ወግቶት ይውላል፣ እሳት ልሶት ያድራል፤ የሚያውቀው ቁስሉ ሲያመረቅዝ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ታካሚ እንደ እግሩ ቅርጽ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጫማ ይሠራለታል። አባቴ ሁለት አንድ ዓይነት እግር አይቶ እንደማያውቅ ይነግረን ነበር። ማታ ወደ ቤት ሲገባ የቆዳና የማስቲሽ ሽታ ቀድሞት ይደርሳል፤ እኛ ልጆቹ በዚያ ሽታ እናውቀዋለን።

ግቢው ውስጥ አምስት ቤት ነበር። ከእኛ በቀር አራቱ ውስጥ የሚኖሩት ለሕክምና ከየአገሩ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም። ድነው እንኳ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ በሽታው ሲድን ስሙ አይድንምና። እኛም ብንሆን ትምህርት ቤት ሰፈራችሁ የት ነው ስንባል አየር ጤና እንል ነበር። ዘነበወርቅ ያለ ልጅ ዴስክ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ይህን ስጽፍ እስከ ዛሬ ፊቴን ይሞቀኛል፤ ያደግሁበትን ስም በአፌ የካድሁበት ዘመን ነው።

የሚገርመው፣ ያ የካድነው ስም የንጉሥ ልጅ ስም ነበር። ልዕልት ዘነበ ወርቅ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነች። ገና በ14 ዓመቷ ለአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳረች፤ ሸዋንና ትግራይን ለማስተሳሰር የተቆረጠ ጋብቻ ነው። ዓመት ሳይሞላት፣ በ1925 ዓ.ም.፣ በ15 ዓመቷ መቀሌ ላይ አረፈች። ባሏ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ድንበር ሲያልፍ ለጠላት አደረ። ስሟ ግን አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ዶክተር ላምቢ በ1920ዎቹ ባቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ላይ ቀረ፤ ከሆስፒታሉ ወደ ሰፈሩ ተላለፈ። በዘር ቆጠራ የተዳረች ሕፃን ልጅ፣ ዘመድ ያልቆጠራቸው ሰዎች መጠለያ ስም ሆነች። በልጅነቴ ይህን አላውቅም ነበር። ሳውቀው መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣችው ሰብለ ወንጌል ነች፤ አባቷ ለዘሯ የሚመጥን ባል ሲመርጡላት ዕድሜዋ ያለፈባት የፊታውራሪ ልጅ።

ከአራቱ ቤቶች በአንደኛው እቴቴ ትኖር ነበር። ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። አገሯ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ነው። የእጆቿ ጣቶች ከሁለተኛው አንጓ በላይ የሉም፤ ያም ሆኖ ከግቢው ሴቶች ሁሉ ቀጭን የምትፈትለው እርሷ ነበረች። አመልማሎውን በግራ መዳፏ ጉድጓድ ትይዛለች፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ በክንዷ ታሽከረክራለች። ክሩ ሳይበጠስ ልቃቂት ይሆናል። እናቴ ነጠላዋን ከእቴቴ ልቃቂት ነው ያሠራችው፤ ይህን ለዘመዶቿ የነገረቻቸው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ባሏን አያ እንለው ነበር። አያ ጤነኛ ነው። ገላዋ ላይ ነጭ ምልክት ሲወጣ ዘመዶቹ ፍታት ብለውት ነበር። ጥጃና በሬ ሸጦ፣ አባይን አሻግሮ፣ እዚህ አመጣት። ዘነበወርቅ ሲደርስ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ዝምተኛ ነው፤ ከሰላምታ በላይ ቃል ሲያወጣ የሰማሁት ጥቂት ቀን ነው። ሁልጊዜ ከካፖርቱ ኪስ ብቅ ያለች ብርማ የእጅ ባትሪ ነበረችው፤ የማታ ሥራው ዓይን ነች።

የትረካው ሰዓት ሲደርስ ሴቶቹ ጥጣቸውን ይዘው ይወጣሉ። እኛ ልጆች ሙቀጫውን እንከባለን። ባትሪ ድንጋይ ውድ ስለነበር ራዲዮኑ ለወሬም ለዘፈንም አይከፈትም፤ ኃይሉ ለትረካው ይቆጠባል። ሲደክም እናቴ ድንጋዮቹን አውጥታ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ታሞቃቸዋለች፤ አባቴ ደግሞ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርጋቸዋል። ከዚያ ወጋየሁ እንደገና ነፍስ ይዘራል።

እቴቴ ዝም ብላ አትሰማም። ከሰዎቹ ጋር ትነጋገራለች። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን ሲያስጨንቁ «ኧረ ወግድ! አፈር ብላ!» ትላለች፣ እንዝርቷን ወደ ራዲዮኑ እያነጣጠረች። የውድነሽ በጣሙና የቦጋለ መብራቱ ልጅ በዛብህ ታሞ፣ ከዳነ ሚስት ሳያገባ ለቤተ ክርስቲያን እንዲኖር ወላጆቹ ሲሳሉ ግን ጸጥ አለች። እቴቴም ተስላ ነበር። ምን ብላ እንደተሳለች ለማንም አልነገረችም።

በዛብህ ቆሎ ተማሪ ሆኖ መንደር ለመንደር እየዞረ መለመኑ ሲተረክ እንዲህ ያለችውን አልረሳም፤ «እኔም እርሱም አንድ ደጅ ነው የቆምነው። እርሱ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል ቁራሽ ይሰጡታል፤ እኔ ስል በረጅም እንጨት ጫፍ አድርገው ይዘረጉልኛል።» ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። የደበሎ ለባሾቹን ዜማ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከመጽሐፉ አንድ ፊደል አንብባ አታውቅም፤ በውስጡ ያለውን አገር ግን ከእኛ ሁሉ ይልቅ እርሷ አይታዋለች። ዲማ ሲባል፣ ማንኩሳ ሲባል አንገቷ ቀና ይላል። አገሯ በስሙ ሲጠራ የምትሰማው በራዲዮ ብቻ ነበር።

ስለ ጉዱ ካሳ ግቢው ሁሉ ይሟገት ነበር። አባቴ እብድ ነው ይላል፤ እየሳቀ። እቴቴ ግን «እብድ ያሉት እንዳይሰሙት ነው» አለች። «ሰው መስማት የማይፈልገውን ስም ያወጣለታል። አንዱን እብድ፣ አንዱን በሽተኛ።» ከዚያ በኋላ ስለ ጉዱ ካሳ ብዙ ምሁራን የጻፉትን አንብቤያለሁ። የእቴቴን ያህል ባጭሩ የደረሰበት አላጋጠመኝም።

እነዚህን ሰዎች የፈጠሩት ደራሲ በዚያ ጊዜ በዚችው ከተማ በሕይወት ነበሩ። ለእኛ ግን ሐዲስ ዓለማየሁ የሚለው ስም ከትረካው በፊትና በኋላ የሚጠራ ድምፅ ብቻ ነው፤ እንደ ጸሎት መክፈቻ። ሕይወታቸውን ያወቅሁት አድጌ፣ «ትዝታ» ብለው በ1985 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ሳነብ ነው።

በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከካህን አባት ተወለዱ። እነ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ ዞረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ፤ አዲስ አበባ መጥተው የዘመኑን ትምህርት ጨመሩበት። ጣሊያን ሲወር ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሽሬ ዘመቱ። ግንባሩ ከፈረሰ በኋላም ራስ እምሩን ተከትለው ወደ ምዕራብ ዘለቁ፤ በ1929 ዓ.ም. ተማረኩና ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ፖንዛ ደሴት፣ ከዚያም ሊፓሪ። ሰባት ዓመት ያህል ባሕር ዙሪያውን የከበበው እስር። ፖንዛ ላይ ራስ እምሩ ተግዘው በኖሩበት ቤት በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሙሶሊኒ ራሱ ታሰረበት። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ፍርዱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳያል።

ይህን ሳነብ ሐዲስ ለምን እቴቴ ልብ ውስጥ እንደገቡ የገባኝ መሰለኝ። ከሰው ተለይቶ መጋዝ ምን እንደሆነ ያውቁታል። አገር በሩቅ ሆኖ ሲታሰብ ሽታው፣ የደወሉ ድምፅ፣ የገደሉ ስም እንዴት እንደሚጠራ ያውቁታል። ከነፃነት በኋላም ብዙ ዓመት በውጭ አሳልፈዋል፤ ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተን፣ የተባበሩት መንግሥታት፣ በመጨረሻም በለንደን አምባሳደር። ከዚያ ተመልሰው በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተሙ። እርሳቸው የዚያው መንግሥት ሹም ናቸው፤ ሚኒስትር ሆነዋል፣ በኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል። መጽሐፋቸው ግን መሳፍንትና መኳንንት በገበሬው ላይ የሚያደርሱትን ግፍ ከማንም በላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ነው። የፍቅር ታሪክ ብለው ሰጡን፤ ስናለቅስ የመሬቱን ሥርዓት አሳዩን።

1958 ለዘነበወርቅም የራሷ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አለርት ተቋቋመ፤ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ሆኖ፣ በልዕልቷ ስም በሚጠራው ሆስፒታል ግቢ። መጽሐፉና አለርት የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ተገናኝተው ያየሁት ግን በሙቀጫ ላይ፣ በእቴቴ እንዝርት ፊት ነው።

አዟሪው ልጅ አሁንም ፊቴ ቆሟል። ዋጋውን ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። «ይኼ መጽሐፍ ማስታወቂያ አይፈልግም» ይለኛል፤ ማስታወቂያ እየሠራለት። እውነቱን ነው። ዛሬ ደራሲ ብዙ ይደክማል። መጽሐፉ ሳይወጣ የሽፋኑን ሥዕል ቴሌግራም ላይ ይለቃል፤ ወመዘክር ወይም አንድ ቴአትር ቤት አዳራሽ ያስመርቃል፤ የታወቀ ሰው ሒስ ያቀርባል፤ ከዚያ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ራሱ ያነባል። በዚህ የሚሳለቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ወረቀት በተወደደበት ዘመን ልቡን አሳትሞ አደባባይ የሚወጣ ሰው ቢጮህ መብቱ ነው። ሐዲስ በየአዳራሹ ቆመው መጽሐፌን ግዙ ሲሉ ሰማሁ ያለኝ ሰው ግን የለም። የእርሳቸውን መጽሐፍ ያዞረው የሰው አፍ ነው፤ ከዚያም የወጋየሁ ጉሮሮ።

በዚያው ዘመን ሌላ መጽሐፍ ደግሞ በሌላ መንገድ ሲዞር ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። እርሱም በጦርነት መሀል ያለ ፍቅር ነው። አባቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ኮፒ ለሁለት ቀን ብቻ ቤት አምጥቶ፣ በሩን ዘግቶ በኩራዝ ሲያነብ አስታውሳለሁ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር እንደወጣ ቀረ። አንዱ መጽሐፍ ግቢ መሀል ጮክ ብሎ ይነበባል፣ ሌላው በተዘጋ በር ውስጥ በሹክሹክታ ይዞራል፤ የልጅነቴ ሥነ ጽሑፍ ይኸው ነው። የሁለተኛው ደራሲ መቃብሩ እንኳ አልተገኘም።

አሁን ወደዚያች ማታ ልምጣ። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ላይ ደርሰናል። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ወጥታለች። ዝናብ አባርቶ ስለነበር ግቢው ይጨቀያል፤ ሴቶቹ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ወጋየሁ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። በመጀመሪያ የበዛብህ ሞት መስሎን ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሞት ነው።

አባቴ ድንጋዮቹን አውጥቶ ነከሳቸው። መለሳቸው። ጥቂት ቃል ተሰማና ጠፋ። እናቴ ወደ ሱቅ ሮጠች፤ ባለሱቁ ዘግቶ ገብቷል። ከሴቶቹ አንዷ ምርር ብላ አለቀሰች። ይህን ጊዜ አያ ከበሩ ሥር ተነሣ። ካፖርቱን ለብሶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሊሄድ ነበር። ባትሪውን ከኪሱ አወጣ፣ ክዳኑን ጠምዝዞ ፈታ፣ ሁለቱን ድንጋዮች በአባቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ባዶውን ባትሪ መልሶ ኪሱ ከተተ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። በጨለማው ውስጥ እግሩ ጭቃውን ሲረግጥ ጭቅ፣ ጭቅ የሚለው ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ሰማነው። ያን ሌሊት በጅብ ሰፈር ያለ ብርሃን ሲጠብቅ አደረ።

ሁለቱን የአያ ድንጋዮች ከሁለቱ አሮጌዎች ጋር አደባልቀን ራዲዮኑን ከፈትን። ወጋየሁ ተመለሰ። እስከ መጨረሻው ሰማን። ሰብለ ደረሰች፤ ደርሳም አላተረፈችውም። ግቢው በለቅሶ ተናጠ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። የማትስቀውም የማታለቅሰውም የወሎዋ ጎረቤታችን እንኳ ደረቷን መታች።

እቴቴ አላለቀሰችም። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ አባቴን ትክ ብላ አየችውና «ማን ቀበራቸው?» ብላ ጠየቀችው።

አባቴ የሚለው ጠፋው። ለእኛ የመጽሐፉ ርእስ ከባዱ ቃል «ፍቅር» ነበር። ለእቴቴ «መቃብር» ነው። ከሰፈሩ ጤነኞች እድር ልግባ ብላ ተመልሳለች፤ ድንኳን አይተከልልሽም፣ ቀባሪም አይወጣልሽም ተብላ። እርሷና መሰሎቿ ሳንቲም ሳንቲም አዋጥተው የራሳቸውን ትንሽ እድር አቋቁመው ነበር። በእነርሱ ዘንድ ሰው መወደዱ የሚታወቀው ሲሞት ከኋላው ስንት ሰው እንደቆመ ተቆጥሮ ነው። የጥያቄዋ መልስ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አለ። ላላነበበ አንባቢ አልነግርም፤ ሄዶ ያንብብ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ሦስት መድኃኒት በአንድነት የሚሰጥበት ሕክምና መጣ። ዕድሜ ልክ ይዋጥ የነበረው ኪኒን በወራት የሚያልቅ ሆነ። እቴቴም ጨርሳ ከመዝገቡ ወጣች። «ዳንሽ አሉኝ» ብላ ለግቢው ቡና አፈላች። አያ በዚያ ቀን ሲስቅ አየሁት።

በ1983 ዓ.ም. አያ ወንድሙ ሞቶበት ለተዝካር ወደ ጎጃም ሄደ። እቴቴ መሄድ ብትፈልግም አልደፈረችም። የካቲትና መጋቢት ላይ ጦርነቱ ጎጃምን ሲያጥለቀልቅ መንገዱ ተዘጋ። አያ እዚያው ታመመ፤ እዚያው ሞተ። ወሬው አባይን የተሻገረው ከሦስት ወር በኋላ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ ሲገቡ እኔም ነበርሁ። እቴቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። የጠየቀችው አንዲት ጥያቄ ናት፤ ያችኑ። «ማን ቀበረው?»

«አገር ምድሩ ወጥቶ» አሏት። ራሷን ነቀነቀች። «እሰይ» አለች፤ ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

እኔ ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ለሥራ ወጣሁ። ወላጆቼ አረፉ፣ ቤቱ ለሌላ ተላለፈ። ሐዲስ ዓለማየሁም ኅዳር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ፤ ያን ቀን ዜናውን ስሰማ ትዝ ያለኝ ሙቀጫው ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ሲውጥ ደግሞ፣ ሩቅ ሆኜ በቴሌቪዥን የድንኳኖቹን ብዛት እያየሁ የእቴቴን ጥያቄ ጠየቅሁ።

መጽሐፉን ገዛሁት። ልጁ «አይቆጭህም ፋዘር» አለኝና ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ። ወደ ውስጥ የሚገባውን መንገድ ይዤ ወረድሁ። ግቢያችን የለም። በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ፋርማሲና ካፌ ነው። ሙቀጫው የነበረበትን በግምት ለካሁት፤ የካፌው የቡና ማሽን ያለበት አካባቢ ይመስለኛል። ወጣቶች ተቀምጠው ይስቃሉ። አንዲት ልጅ በስልክ ስታወራ «ዘነበወርቅ ነኝ፣ ና» ስትል ሰማኋት። ጮክ ብላ፣ ሳትደነግጥ። ቆሜ ቀረሁ። እንደገና እንድትለው ፈልጌ ነበር።

የእቴቴን ልጅ ያገኘኋት ከፎቁ ጀርባ ሱቋ ውስጥ ነው። ፊቷን ሳይ የአያን ዝምታ አየሁበት፤ እርሷ ግን ወሬ ትወዳለች። መጽሐፉን እጄ ላይ ስታይ ሳቀች። የልጅ ልጅ አላት፤ ተጠራና መጣ። «ያንን ክፈትላቸው» አለችው። ልጁ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ፤ የወጋየሁ ድምፅ ከስልኩ ወጣ። ፀሐይ መሞቅ የማይፈልግ፣ የማይቀጥን ድምፅ። እናቷ በመጨረሻ ዓመቶቿ ዓይኗ ስለደከመ ይህንን እየሰማች ትውል እንደነበር ነገረችኝ።

እቴቴ ያረፈችው እኔ በሌለሁበት ነው። ማን ቀበራት ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ልጅቷ ሳልጠይቅ ነገረችኝ። የሥጋ ደዌ ተጎጂዎቹ ትንሹ እድር ድንኳኑን ሲተክል፣ ያኔ አልቀበልም ያለው እድር አዲሶቹ ዳኞች ወንበርና ድስት አሸክመው መጡ። ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን ተተከለ። ሬሳውን የተሸከሙት ከሁለቱም እድር የወጡ ጎረምሶች ናቸው።